ጀንበር ስትጠልቅ ጂፒኤስ ለምን ይደናበራል?

መጋቢት ላይ ነበር። ቀያሽ ጓደኛዬን ተከትዬ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ወዳለ የመንገድ ሥራ ሄጃለሁ። ቀኑን ሙሉ ሲለካ ውሎ አራት ነጥብ ብቻ ቀርተውታል። ፀሐይ ገብታለች። «ለአራት ነጥብ ነገ ነዳጅ አላቃጥልም» ብሎ በስልክ መብራት ቀጠለ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን በእጁ የያዘው መቆጣጠሪያ ላይ «ፊክስ» የሚለው ጽሑፍ ጠፍቶ «ፍሎት» መጣ። በቀያሾች ቋንቋ ፊክስ ማለት መሣሪያው የቆመበትን ቦታ በሴንቲሜትር ደረጃ አውቆታል ማለት ነው። ፍሎት ማለት ደግሞ «እዚህ አካባቢ ይመስለኛል» እንደማለት ነው። ዘንጉን አስተካከለ። ባትሪ ቀየረ። ቤዙን፣ ማለትም በታወቀ ነጥብ ላይ ቆሞ እርማት የሚልክለትን ሌላ ተቀባይ፣ አጥፍቶ አበራ። ዛፍ የለ፣ ፎቅ የለ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሳተላይቶቹም ስክሪኑ ላይ ተደርድረዋል። ግን አንዱ ይመጣል፣ አንዱ ይሄዳል። «ቡዳ በላው እንዴ ይሄን መሣሪያ!» አለና ጠቅልለን ሄድን። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አራቱንም ነጥቦች በሩብ ሰዓት ጨረሳቸው።

መሣሪያውን የነካው ነገር አልነበረም። የተረበሸው ከጭንቅላታችን በላይ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሰማይ ነው። ጓደኛዬ የረገመውን ያንን ረብሻ ደግሞ ፈልገው፣ ሌሊቱን ሙሉ መዝግበው፣ ዶክትሬት የሚሠሩበት ሰዎች አሉ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው አዮኖስፌር ይባላል። ከምድር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የከባቢ አየር ክፍል ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌትና ኤክስሬይ ጨረር አየሩን እየመታ ኤሌክትሮኖችን ከአቶሞቻቸው ይነጥላል። ስለዚህ ቀን ኤሌክትሮኑ ይበዛል፤ ሌሊት ይሳሳል። በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ያደገ ሰው ስሙን ባያውቀውም አዮኖስፌርን ያውቀዋል። ከጀርመንና ከአሜሪካ የሚነሳው የአማርኛ ዜና ባሕር ተሻግሮ ሳሎናችን ይገባ የነበረው ይሄ ንብርብር ሞገዱን ወደ ምድር ስለሚመልሰው ነው። አባቶቻችን ሬዲዮኑን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ድምፁ እየራቀ እየቀረበ ሲያናድዳቸው የነበረውም አዮኖስፌር ስለማይረጋ ነው። ሆን ተብሎ ካልታፈነ ማለቴ ነው።

የጂፒኤስ ሲግናል ግን ፍሪኩዌንሲው ከፍ ስለሚል አይመለስም። ሰንጥቆት ያልፋል። ሲያልፍ ግን ይዘገያል።

ጂፒኤስ የሚሠራው በሰዓት ነው። ሳተላይቱ ከ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ «አሁን ሰዓቱ ይህ ነው» እያለ ይልካል። ተቀባዩ መልእክቱ ስንት ጊዜ እንደፈጀ አይቶ ርቀቱን ያሰላል። መንገድ ላይ ትንሽ ከዘገየ ሳተላይቱ ከእውነተኛው ቦታ የራቀ ይመስለዋል። የመዘግየቱ መጠን በመንገዱ ላይ ያለውን ኤሌክትሮን ብዛት ይከተላል። ባለሙያዎቹ ይህን ድምር «ቴክ» ይሉታል። ከተቀባዩ እስከ ሳተላይቱ ድረስ ወርዱ አንድ ካሬ ሜትር የሆነ ቱቦ አለ እንበል። ቱቦው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች 10 ሺህ ትሪሊዮን ሲሞሉ አንድ የቴክ ዩኒት ይባላል። አንድ ዩኒት በዋናው የጂፒኤስ ሲግናል ላይ 16 ሴንቲሜትር ስህተት ይጨምራል። ፀሐይ በበረታችባቸው ዓመታት፣ በምድር ወገብ አካባቢ፣ ከቀትር በኋላ ቁጥሩ ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ይሄ 16 ሜትር ነው። መንገድ ማዶ ያለው ሱቅ ውስጥ ነህ ሊልህ ይችላል ማለት ነው።

ርካሽ ተቀባዮች ከዚህ ስህተት ከፊሉን የሚያወጡበት ዘዴ አላቸው። ሳተላይቶቹ ስምንት ቁጥሮችን ይልካሉ። ተቀባዩ በነሱ ጆን ክሎቡቻር የተባለ አሜሪካዊ ያበጀውን ቀመር ሞልቶ ግማሽ ያህሉን ስህተት ይቀንሳል። ግማሽ ብቻ። አሜሪካ እስከ ሜይ 2000 መጀመሪያ ድረስ የሲቪሉን ሲግናል ሆን ብላ ታበላሸው ነበር። ያ ከቆመ ወዲህ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ለሚሠራ ተቀባይ ትልቁ ስህተት አዮኖስፌር ሆኖ ቀረ።

ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። ሳተላይቱ የሚልከው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ አይደለም። አንዱ 1575.42 ሜጋኸርትዝ፣ ሌላው 1227.60 ሜጋኸርትዝ ነው። ዝቅ ያለው ፍሪኩዌንሲ በአዮኖስፌር ውስጥ ይበልጥ ይዘገያል። ሁለት ሰዎች ከአንድ ቦታ እኩል ተነስተው አንድ ጭቃ ሰፈር አቋርጠው መጡ እንበል። አንዱ ቦት ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ሸበጥ። ደረቅ መንገድ ላይ እኩል ይሄዳሉ። ባለ ሸበጡ ዘግይቶ ከደረሰ፣ ጭቃውን ባታየውም ምን ያህል እንደሆነ በመካከላቸው ካለው ልዩነት ማስላት ትችላለህ። በአንዱ ሲግናል አንድ የቴክ ዩኒት 16 ሴንቲሜትር ሲሆን በሌላው 27 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ በ5 ሜትር ከሩብ ያህል ተለያይተው ከደረሱ፣ መንገዱ ላይ 50 ዩኒት ኤሌክትሮን ነበረ ማለት ነው።

ቀያሹ ይህን ልዩነት አስልቶ ይጥለዋል። እሱ የሚፈልገው ቦታውን ነው። የአዮኖስፌር ሳይንቲስቱ ደግሞ ቦታውን ቀድሞ ያውቃል፤ አንቴናው ጣሪያ ላይ በቡሎን ታስሯል። እሱ የሚፈልገው ጭቃውን ነው። አንድ ተቀባይ በአንድ ጊዜ ብዙ ሳተላይት ስለሚያይ፣ በየሰላሳ ሴኮንዱ ሰማዩን በብዙ አቅጣጫ ይወጋዋል። እውነቱን ለመናገር ሥራው እንዳወራሁት ቀላል አይደለም። ሳተላይቱም ተቀባዩም የራሳቸው የሆነ አብሯቸው የተወለደ መዛባት አላቸው። እሱን ሳያወጡ ቢያሰሉ ሌሊት ላይ ከዜሮ በታች የሆነ የኤሌክትሮን ቁጥር ይመጣል። ለጀማሪ ተማሪ የመጀመሪያው ድንጋጤ ነው።

ታዲያ ባሕር ዳር ላይ ምሽት ላይ ምን ሆነ?

የጂኦግራፊው የምድር ወገብ ኬንያን ነው የሚያቋርጠው። ማግኔታዊው ወገብ ግን ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ በኢትዮጵያ፣ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። እዚያ ላይ የማግኔት መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም ይተኛል። ለአዮኖስፌር ዋናው ይሄኛው ወገብ ነው። ቀን ቀን፣ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት በላያችን ያልፋል። ከሱ በላይ ያለው ፕላዝማ፣ ማለትም የተነጠሉት ኤሌክትሮኖችና ኤሌክትሮን ያጡት አቶሞች ቅልቅል፣ ሽቅብ ይነሳና እንደ አደባባይ ፋውንቴን በግራና በቀኝ ይወርዳል። ስለዚህ ኤሌክትሮኑ የሚከማቸው ወገቡ ላይ ሳይሆን ከወገቡ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ላይ ነው።

ጀንበር ስትጠልቅ ነገሩ ይገለበጣል። የታችኛው ክፍል አየሩ ወፍራም ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹ ቶሎ ይጠፋሉ። የላይኛው ግን እንዳለ ይቆያል። በዚያ ላይ ከመጥለቂያው ጥቂት ቀደም ብሎና በኋላ የኤሌክትሪክ መስኩ ለአጭር ጊዜ ይበረታና ንብርብሩን ሽቅብ ይገፋዋል። ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች ይሆናል። ዘይት ላይ ውሃ እንዳፈሰሳችሁ አስቡት። ውሃው ይሰምጣል፣ ዘይቱ እየተንቦጫረቀ ይወጣል። ባዶ የሆኑ አረፋዎች ከታች ተነስተው ጥቅጥቁን ፕላዝማ እየሰነጠቁ ያርጋሉ። አንዳንዶቹ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ያልፋሉ። ወደ ላይ ሲወጡም ወደ ምሥራቅ ይንሸራተታሉ።

የጂፒኤስ ሲግናል በአረፋው የተቦጫጨቀ ጠርዝ ሲያልፍ ብልጭ ድርግም ይላል። ኮከብ ብልጭ ድርግም የሚለው በአየር መናወጥ ነው፤ ይሄም ያው ነው፣ አየሩ በፕላዝማ ተተካ እንጂ። ኃይሉ ይወርዳል፣ ይወጣል። ተቀባዩ የሞገዱን ቆጠራ ይስታል። ፊክሱ ፍሎት ይሆናል። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ዋናው ጊዜው ነው። በመጋቢትና በመስከረም፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንባቸው ሰሞን ይብሳል። ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ ጫፍ ላይ ስትሆን ደግሞ ይከፋል። ናሳና የአሜሪካ ውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር በኦክቶበር 2024 ፀሐይ እዚህ ጫፍ ላይ መድረሷን አስታውቀዋል። ስለዚህ ጓደኛዬ መሣሪያውን ያወጣው በመጥፎ ሰዓት፣ በመጥፎ ወር፣ በመጥፎ ዓመት ነው።

ይህን ረብሻ ማየት አዲስ አይደለም። በ1938 በፔሩ፣ ሁዋንካዮ ላይ፣ ሽቅብ በተላከ ሬዲዮ ተመዝግቧል። ፔሩ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሊማ አጠገብ የሂካማርካን ግዙፍ ራዳር ይዛለች። ወገቡ ላይ ስለሚሆነው ነገር መማሪያ መጻሕፍት የሚያስተምሩት ብዙ ነገር ከዚያ የመጣ ነው። ሳተላይቶች ከላይ ሆነው ሲያዩ ግን የአፍሪካ ሰማይ ለየት ይላል። ሌላው አካባቢ ጸጥ በሚልባቸው ወራት እንኳ አረፋ ይታያል። ለምን? ይህን ከመሬት ሆኖ ለማረጋገጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው ደግሞ አፍሪካ ላይ ለረጅም ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል።

አልነበረም ስል ሙሉ በሙሉ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ የቆመው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን፣ በ1958 ነው። ያ የ105 ኪሎ ሜትሩ ጅረት በየቀኑ የሚጥለውን ጥላ ሲመዘግብ ኖሯል። በኋላ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ብልጭ ድርግምታውን የሚለካ የጂፒኤስ ተቀባይ ተተከለ። ዋሸራ የሚባል የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪም አላቸው። ዋሸራ ሲባል ጎጃም ላይ ትዝ የሚለው ቅኔ ነው፤ ሰምና ወርቅ ሲፈታ በኖረበት ስም ሲግናል መፈታቱ ደስ ይላል። በአሜሪካ የሚሠራው ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እንዳወቀ ይዘንጋው ደግሞ አምበር የተባለውን የማግኔት መለኪያ መረብ መርቶ አፍሪካ ላይ ዘርግቷል፤ አንዱ መሣሪያ አዲግራት ነበር። በኖቬምበር 2012 የዓለም የዘርፉ ሰዎች በዚሁ ጉዳይ ለመወያየት አዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ለሌላ ጉዳይ የተተከሉት ተቀባዮች ናቸው። በ2005 አፋር ላይ፣ ዳባሁ አካባቢ፣ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ይዞ ተሰነጠቀ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የምድርን መለያየት ለመለካት በስምጥ ሸለቆውና በዙሪያው የጂፒኤስ ጣቢያዎች በዙ። ለጂኦሎጂስቱ አዮኖስፌር ቆሻሻ ነው፤ አጥቦ ይጥለዋል። የእኛ ተማሪዎች ግን ያንን እጣቢ ወሰዱት። ከአምቦ፣ ከናዝሬት፣ ከሮቤ፣ ከአርባ ምንጭ ጣቢያዎች በተገኘ መረጃ የኢትዮጵያን ሰማይ ኤሌክትሮን የሚቆጥሩ ጽሑፎች ወጡ። ተራራ ለመለካት የተተከለ አንቴና ሰማይ ለካ።

ከፀሐይ ውጪም ሰማዩን የሚያናውጥ ነገር አለ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 በቶንጋ ባሕር ውስጥ ያለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ የግፊት ሞገዱ ምድርን ደጋግሞ ዞረ። የጂፒኤስ ጣቢያዎች ሞገዱ አዮኖስፌርን እያናወጠ ሲያልፍ በየአህጉሩ አይተውታል። በማርች 2011 ጃፓን ስትናወጥም ከ1,200 የሚበልጡ ጣቢያዎች የያዘው የአገሪቱ መረብ፣ ከመሬት የተነሳው ሞገድ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አዮኖስፌር ደርሶ ክብ እየሠራ ሲሰፋ ቀርጿል። ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ሲጣል እንደሚታየው። ባሕሩ ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር የሆነ እንቅስቃሴ፣ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ላይ ሲደርስ እጅግ ይገዝፋል።

በዚህ ላይ የተሠራ ማስጠንቀቂያም አለ። የናሳው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ «ጋርዲያን» የተባለ ሥርዓት አለው። በጁላይ 2025 ሩሲያ ካምቻትካ አቅራቢያ መጠኑ 8.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ ሥርዓቱ የሱናሚውን ምልክት ከሰማይ አንብቦ ማዕበሉ ሃዋይ ከመድረሱ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቀድሞ አረጋግጧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የፈንታሌና የዶፈን አካባቢ ሲንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ላይ አልጋ ሲወዛወዝ፣ በየቴሌግራሙ «ሳተላይት ቀድሞ አይቶታል» የሚል ወሬ ተናፍሶ ነበር። ከላይ ያወራሁት ሁሉ ከመንቀጥቀጡ በኋላ የሚታይ ነው። ከመንቀጥቀጡ በፊት አዮኖስፌር ምልክት ይሰጣል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ የጃፓኑን መንቀጥቀጥ ይዘው የተከራከሩም አሉ። ሌሎች ያንኑ መረጃ መልሰው መርምረው አልተቀበሉትም። እኔ ከማይቀበሉት ጋር ነኝ። በየምሽቱ በራሱ የሚናወጥ ሰማይ ይዞ፣ ነገ ለሚመጣ መንቀጥቀጥ ምልክት አገኘሁ ማለት ገበያ መሐል ሹክሹክታ ሰማሁ እንደማለት ነው።

የገንዘቡንም ጉዳይ ልጥቀስ። በሜይ 2024 ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል ምድርን ሲመታ፣ አሜሪካ ውስጥ የመዝሪያ ወቅት ነበር። በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮች መስመራቸውን ሳቱ። ገበሬዎች ሥራ አቆሙ። በ2003 መጨረሻ በተነሳው ማዕበል ደግሞ የአሜሪካ የአውሮፕላን ማረፊያ አጋዥ ሥርዓት ለሰዓታት ትክክለኛ የከፍታ መረጃ መስጠት አልቻለም። እነሱ ይሄን የሚያዩት አልፎ አልፎ፣ ማዕበል ሲመጣ ነው። ወገቡ ሥር ላለን ሰዎች ግን ማዕበል ባይኖርም በተራ ምሽት ይመጣል።

በኖቬምበር 2024 የጉግል ተመራማሪዎች አንድ ደፋር ሥራ አወጡ። 40 ሚሊዮን ያህል የአንድሮይድ ስልኮችን ሰብስበው የአዮኖስፌር ካርታ ሠሩ። የአንድ ስልክ አንቴና ርካሽ ነው፤ ብቻውን የሚለው ነገር አይታመንም። የሚሊዮኖቹ አማካይ ግን የቋሚ ጣቢያ ያህል ይናገራል። የሚታየውን የሰማይ ክፍል በእጥፍ አሰፉት። በህንድና በደቡብ አሜሪካ ላይ የፕላዝማ አረፋዎችን፣ በሰሜን አሜሪካ ላይ በፀሐይ ማዕበል ጊዜ የሚፈጠረውን የኤሌክትሮን ክምችት፣ በአውሮፓ ላይ ኤሌክትሮን የሳሳበትን «ሸለቆ» አሳዩ። ዋና ግኝት ብለው ከቆጠሯቸው ውስጥ አፍሪካን ፈለግኳት። አጣኋት። አረፋው ሳይጠፋ፣ ስልኩም ሳይጠፋ።

ቅር ይለኛል። ግን ጉግልን ብቻ አልወቅስም። የእኛ ጣቢያዎች መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ኢንተርኔት ሲቆረጥ መረጃው አይወጣም። በውጭ ገንዘብ ተተክሎ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ባትሪ የሚቀይርለት ያጣ ተቀባይ ስንት ነው። አንድ አዲስ ሳተላይት ሲመጠቅ ጭብጨባ አለ፤ ጣሪያ ላይ ያለ አንቴና ገመዱ ሲበላሽ ማንም አያይለትም። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለተኛው ይቀድማል። የአሥር ዓመት ያልተቋረጠ መዝገብ ያለው አንድ ጣቢያ፣ በየሁለት ዓመቱ እየሞተ ከሚነሳ አምስት ጣቢያ ይሻላል።

ሁሉንም ስህተት አዮኖስፌር ላይ መለጠፍም አይገባም። ቦሌ ላይ የራይድ ሾፌሩ ሌላ መንገድ ላይ ከታየ ጥፋተኛው ፎቁ ነው፤ ሲግናሉ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በ2024 ስልካቸው ቤሩት አውሮፕላን ማረፊያ ነህ ሲላቸው የነበረው ደግሞ ሆን ተብሎ የተላከ የውሸት ሲግናል ነው። ሳይንቲስቱም ይህን ለይቶ ማውጣት አለበት። ጦርነት ባለበት አካባቢ የተረበሸ መረጃ ሁሉ ፕላዝማ አይደለም።

ለማየት የፈለገ ሰው «ጂፒኤስቴስት» የተባለውን ነፃ አፕ ስልኩ ላይ ይጫን። አጥር ላይ ወይም ቆርቆሮ በሌለበት በረንዳ ላይ ስልኩን አስቀምጦ አይነካካው። የእያንዳንዱ ሳተላይት ጥንካሬ በቁጥር ይታያል። ስልኩ ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ከሆነ ለአንድ ሳተላይት ሁለት መስመር ያወጣል። ምሽት ላይ፣ ደመና በሌለበት፣ ሌሎቹ ረግተው ሳለ አንድ አቅጣጫ ላይ ያለ ሳተላይት ቁጥሩ ሲወርድና ሲወጣ ካያችሁ፣ የአረፋ ጠርዝ ሊሆን ይችላል።

ጓደኛዬን ባለፈው አግኝቼው ይህን ሁሉ ነገርኩት። ከ11 ሰዓት በኋላ በመጋቢትና በመስከረም ትራይፖድ አይተክልም። ድሮ ግን ፍሎት የሆነበትን ሰዓት ጥሬ ፋይል ወዲያው ያጠፋው ነበር፤ ሜሞሪ ይይዝበታል። አሁን «መጥፎ» የሚል ፎልደር ከፍቷል። ከፍቶ አሳየኝ። አሥራ ሰባት ምሽት ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበታል። «የሚፈልገው ሰው ካለህ ፍላሽ ይዘህ ና» አለኝ።